ገበሬው የሚመዝነው ኢኮኖሚ፦ የ1997 ዓ.ም. የምርጫ ክርክር ከሰሜን ሸዋ ሲታይ

መግቢያ

በምርጫ ጥናት ውስጥ ተደጋግመው ከሚነሡ ጥያቄዎች አንዱ «ኢኮኖሚውን በተሻለ ሁኔታ የሚመራው የትኛው ፓርቲ ነው?» የሚለው ነው። በብሪታንያ የሕዝብ አስተያየት አሰባሳቢ ድርጅቶች ይህንን ጥያቄ ለአሥርተ ዓመታት ለመራጩ ሲያቀርቡ ኖረዋል፤ ወግ አጥባቂው ፓርቲም ሆነ ሌበር መልሱን በቅርብ ይከታተሉታል። ጥያቄው ወደ አፍሪካም ተሻግሯል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ጥናቱን በ2005 ዓ.ም. ያካሄደው አፍሮባሮሜትር መንግሥት «ኢኮኖሚውን በማስተዳደር» ረገድ ምን ያህል እንደተሳካለት ዜጎችን ይጠይቃል። የድኅረ ምረቃ ጥናቶቻችንም መጠይቅ ሲያዘጋጁ ይህንኑ አቀራረብ መከተላቸው የተለመደ ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ መነሻ አንድ ጥርጣሬ ነው። ጥያቄው ለደብረ ብርሃን ዙሪያ ወይም ለአንኮበር ገበሬ ሲቀርብ፣ ጠያቂውና ተጠያቂው በእርግጥ ስለ አንድ ነገር እየተነጋገሩ ነውን? ጥርጣሬውን ለመፈተን የ1997 ዓ.ም. አገር አቀፍ ምርጫ ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ አጋጣሚ ነው፤ ተፎካካሪ የኢኮኖሚ አማራጮች በሬዲዮና በቴሌቪዥን በግልጽ ተነጻጽረው ለመራጩ የቀረቡበት ምርጫ እርሱ ነውና። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። በገጠር ሰሜን ሸዋ የነበረው የኢኮኖሚ ክርክር «ማን ይበልጥ ያውቅበታል?» ከሚለው የችሎታ ንጽጽር ይልቅ «ገበሬው ከመንግሥት ጋር በምን ሒሳብ ይተሳሰር?» የሚለውን ይመለከት ነበር። ስለዚህ የዚያን ዓመት ድምፅ በጠቅላላ ምርት ዕድገት ሚዛን ማንበብ ያሳስታል።

ጽሑፉ የተመሠረተው በታተሙ ጥናቶች፣ በሕግ ሰነዶችና በወቅቱ በይፋ በተላለፉ ክርክሮች ላይ ነው። ሰሜን ሸዋ የተመረጠው ለጸሐፊው ቅርብ በመሆኑ ብቻ አይደለም። ከደብረ ብርሃን ደጋ ተነሥቶ በአንኮበር ቁልቁለት ወደ አልዩ አምባ ገበያ የሚወርድ ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የገብስንና የባቄላን አገር ለቆ ወደ ጤፍና ማሽላ አገር ይገባል። አስተዳደሩ አንድ ዞን፣ ገዥው ፓርቲም አንድ ሲሆን፣ የእርሻው ኢኮኖሚ ግን የተለያየ ነው። ለንጽጽር ጥናት ይህን ያህል የተመቸ መልክዐ ምድር በቀላሉ አይገኝም።

የጋራ ግብና የአቋም ልዩነት

አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ዶናልድ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ የምርጫ ጉዳዮችን በሁለት ከፍሏል። የመጀመሪያው ዓይነት ሁሉም መራጭ አንድ ግብ የሚመኝበት ነው፤ ብልጽግናን የሚጠላ፣ ሥራ አጥነትን የሚወድ የለም። እዚህ ላይ ክርክሩ ግቡን ማን በብቃት ያደርሰዋል በሚለው ላይ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ መራጮች ራሳቸው በግቡ ላይ የሚለያዩበት ነው። ለመግባባት ያህል የመጀመሪያውን «የጋራ ግብ ጉዳይ»፣ ሁለተኛውን «የአቋም ጉዳይ» እላቸዋለሁ። ኋላም ሃሮልድ ክላርክና ባልደረቦቹ የብሪታንያ መራጭ በአብዛኛው የሚወስነው በመጀመሪያው መንገድ እንደሆነ ሰፊ መረጃ አቅርበው ተከራክረዋል።

የብሪታንያ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለው። ወግ አጥባቂዎቹ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1992 ምርጫውን አሸነፉ። በዚያው ዓመት መስከረም 16 ቀን ፓውንድን ከአውሮፓ የምንዛሪ ተመን ሥርዓት ጋር አስተሳስሮ ማቆየት አቃታቸው፤ በአንድ ቀን የወለድ ምጣኔውን ከ10 ወደ 12 በመቶ ከፍ አድርገው፣ 15 እንደሚገባም አስታውቀው፣ ሲመሽ ከሥርዓቱ ወጡ። ከዚያ በኋላ ኢኮኖሚው አገገመ። በግንቦት 1997 ግን ሌበር 418 መቀመጫ ይዞ አሸነፈ። ዕድገቱ ተመልሶ ነበር፤ አመኔታው ግን አልተመለሰም። የቤት ዕዳ ያለበት መራጭ ያስታወሰው የአገሪቱን ጠቅላላ ምርት ሳይሆን፣ የወለዱ ቁጥር ኪሱን ሊነካ የተቃረበበትን ያንን አንድ ቀን ይመስላል። (የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር ከእኛው 1997 ጋር መገጣጠሙ ድንገተኛ ነው፤ አንባቢ እንዳይደናገር ብቻ ይታወስ።)

የኢትዮጵያ የምርጫ ሥርዓትም እንደ ብሪታንያው አብላጫ ድምፅ ያገኘ አንድ ዕጩ ወረዳውን የሚወስድበት ነው። መመሳሰሉ ግን ከዚህ ብዙም አይዘልም። የብሪታንያ መራጭ ሁለቱንም ፓርቲዎች በሥልጣን ላይ አይቷቸዋል፤ አንዱን በሌላው ይመዝናል። የ1997ቱ ኢትዮጵያዊ መራጭ ፊት የነበሩት በአንድ በኩል የ14 ዓመት ሥራ፣ በሌላው በኩል ተስፋ ናቸው። ሥራንና ተስፋን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ከመጀመሪያውም የተዛባ ንጽጽር ነው። ለንጽጽር የቀረበው ሌላው «አስተዳዳሪ» ተቃዋሚው ሳይሆን ያለፈው ሥርዓት ነበር ማለት ይቻላል። ገዥው ፓርቲ ይህንን በሚገባ ያውቅ ስለነበር የደርግን ዘመን ደጋግሞ ያስታውስ ነበር።

ምን ተባለ?

የክርክሩን ዋና መሥመር ባጭሩ ማስታወስ ይበቃል። ኢሕአዴግ ግብርና መር የኢንዱስትሪ ልማትን፣ የኤክስቴንሽን አገልግሎትንና ማዳበሪያን፣ እንዲሁም መሬት በመንግሥትና በሕዝብ እጅ መቆየቱን ይዞ ቀረበ። መከራከሪያውም ግልጽ ነበር፤ መሬት ይሸጥ ከተባለ ገበሬው በክፉ ቀን ሸጦ ወደ ከተማ ይሰደዳል። መኢአድን፣ ኢዴፓ መድኅንን፣ ኢዴሊንና ቀስተ ደመናን ያቀፈው ቅንጅት መሬት የገበሬው የግል ሀብት እንዲሆን፣ የፓርቲ ንብረት የሆኑ ኩባንያዎች ከገበያ እንዲወጡና ለግሉ ዘርፍ ሰፊ በር እንዲከፈት ጠየቀ። ኅብረት በመሬት ላይ የያዘው አቋም ከቅንጅት የለዘበ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ድምፅ ተሰጠ። ከዳግም ምርጫዎች በኋላ በወጣው ይፋዊ ውጤት ከ547 መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ። ውጤቱ በብርቱ የተከራከሩበትና ብዙ ሕይወት የጠፋበት መሆኑ የታወቀ ስለሆነ፣ ማንኛውም የቁጥር ትንተና ይህንን ግምት ውስጥ ማስገባት አለበት።

ዝናቡና መንግሥቱ

በዓለም ባንክ መረጃ መሠረት የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት እ.ኤ.አ. በ2003 በ2 በመቶ ገደማ አሽቆለቆለ፤ በ2004 ከ13 በመቶ በላይ አደገ፤ በ2005 ደግሞ ወደ 12 በመቶ የተጠጋ ዕድገት አሳየ። በእኛ አቆጣጠር ማሽቆልቆሉ የ1995 ድርቅ ነው፤ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የምግብ ርዳታ ጠባቂ የሆኑበት ዓመት። ዕድገቱ ደግሞ የዝናብ መመለስ ነበር። ክሪስቶፈር ኤከንና ላሪ ባርቴልስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት መጽሐፍ መራጮች ለድርቅና ለጎርፍ ሳይቀር ባለሥልጣናትን እንደሚቀጡ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ወራት ብቻ እንደሚያስታውሱ ይከራከራሉ። ይህ ለእኛ ቢሠራ ኖሮ የ1997ቱ መራጭ የ13 በመቶውን ዕድገት አይቶ ገዥውን ፓርቲ መሸለም ነበረበት። በ1992 ምርጫ እጅግ ጥቂት መቀመጫዎች ብቻ የነበሯቸው ተቃዋሚዎች በ1997 ከ170 በላይ ማግኘታቸው ግን የተለየ ነገር ይነግረናል።

አንዱ ማብራሪያ መራጩ ኢኮኖሚውን ጨርሶ አላየም፤ በብሔር፣ በነጻነት ወይም በሌላ ጉዳይ ወሰነ የሚል ነው። ይህ በከፊል እውነት እንደሆነ አልጠራጠርም፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ከከፊልም በላይ ሊሆን ይችላል። ሌላው ማብራሪያ ግን ይበልጥ ይስበኛል፦ ገበሬው ዝናብን ከመንግሥት መለየት ያውቅበታል። የዕለት እንጀራው ከዝናብ የሚገኝ ሰው የዝናቡን ድርሻ ለሹም አይሰጥም፤ የሹሙንም ድርሻ ለዝናብ አይሰጥም። የኤከንና የባርቴልስ መራጭ በአብዛኛው ከሰማይ ጋር እንዲህ ያለ የዕለት ተዕለት ግንኙነት የሌለው ሰው ነው። ዝናቡ ተቀንሶ ሲታይ ለሰሜን ሸዋ ገበሬ የቀረው የመንግሥት ሥራ ምን ነበር? ማዳበሪያ፣ ዕዳ፣ የእህል ዋጋና መሬት።

ማዳበሪያ፣ ዕዳና የግንቦት ወር

የሳሳካዋ ግሎባል 2000 የሠርቶ ማሳያ ውጤትን ተከትሎ መንግሥት ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የኤክስቴንሽን ፓኬጁን በአገር አቀፍ ደረጃ ዘረጋ። የምርጥ ዘርና የዳፕ፣ የዩሪያ ማዳበሪያ ግዥ በብድር ይፈጸማል። በ1989 ዓ.ም. ገደማ የማዳበሪያ ድጎማ ተነሣ። ለብድሩ ዋስ የሚሆነው የክልሉ መንግሥት ነው፤ ገበሬው ካልከፈለ ገንዘቡ ከክልሉ በጀት ይቀነሳል። የዚህ አሠራር ውጤት ሊሰመርበት ይገባል። የባንክ ዕዳን የሚሰበስበው የባንክ ሠራተኛ ሳይሆን የወረዳና የቀበሌ አስተዳዳሪ ሆነ። መሬት የሚደለድለው፣ የርዳታ ስንዴ ተቀባዮችን ስም ዝርዝር የሚይዘው፣ ለማዳበሪያ የሚመዘግበውና ዕዳ የሚያስከፍለው አንድ አካል ነው። አንዳንድ ጥናቶች ዕዳውን መክፈል ያቃታቸው ገበሬዎች እንደታሰሩና ከብቶቻቸውን ለመሸጥ እንደተገደዱ መዝግበዋል።

በዚህ ላይ ገበያው ተጨመረበት። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. መኸሩ በመልካም ስለተሰበሰበ የእህል ዋጋ በተለይም የበቆሎ ዋጋ በእጅጉ ወደቀ። ብዙ ምርት ያመረተ ገበሬ ብዙ የተበደረ ገበሬ ነበር፤ ምርቱ ሲረክስበት ዕዳው ግን በቁጥሩ ጸና። ተከትሎ የመጣው የ1995 ድርቅ ነው። ከጥጋብ የተነሣ የከሰረና ቀጥሎ በረሃብ የተመታ ቤተሰብ፣ የዕድገት አኃዝ ሲነበብለት ምን ሊል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ይህ ከብሪታንያው የመስከረም 1992 ቀን ጋር ይመሳሰላል ብዬ አምናለሁ፦ በቤት ደረጃ የተሰማ፣ ከመንግሥት ውሳኔ ጋር በግልጽ የተያያዘ፣ ኋላ በመጣ ዕድገትም የማይፋቅ ልምድ።

የማዳበሪያ አስመጪዎቹ ማንነትም ክርክሩን አባባሰው። በአማራ ክልል ከብአዴን ጋር በተያያዘው ጥረት ሥር የነበረው አምባሰል የንግድ ድርጅት በዚህ ሥራ ተሰማርቶ ነበር። ተቃዋሚዎች «ሻጩም፣ አበዳሪውም፣ ዳኛውም አንድ ነው» የሚል መንፈስ ያለው ወቀሳ ሲያቀርቡ ለገበሬው አዲስ ነገር እያስተማሩ አልነበረም። ኋላ አስመጪነቱ ወደ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና ወደ መንግሥት ድርጅት መዛወሩ ወቀሳው ጨርሶ መሠረተ ቢስ እንዳልነበረ ይጠቁማል።

አሁን የቀን መቁጠሪያውን እንመልከት፤ በምርጫ ጥናቶቻችን ውስጥ ትኩረት የተነፈገው ይህ ይመስለኛል። የ1992፣ የ1997፣ የ2002 እና የ2007 አገር አቀፍ ምርጫዎች ሁሉም በግንቦት ተካሄዱ፤ የ2013ቱ ሰኔ 14 ቀን ዋለ። ግንቦት በሰሜን ሸዋ ደጋ ምን ወር ነው? በየካቲትና በመጋቢት የተዘራው የበልግ ገብስ ገና አልደረሰም። የመኸሩ እህል ከጎተራ እየጎደለ ነው፤ የእህል ዋጋ ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል። ለክረምቱ ስንዴ ማዳበሪያ የሚወሰደውም በዚሁ ሰሞን ነው። በአንጻሩ ዕዳ የሚሰበሰበው ከመኸር በኋላ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ የእህል ዋጋ በጣም በረከሰበት ወቅት ነው። ገበሬው በርካሽ ሸጦ ዕዳ ከከፈለ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በውድ መሸመት በሚጀምርበትና አዲስ ዕዳ ለመፈረም በሚሰለፍበት ወር ድምፅ እንዲሰጥ ይጠየቃል። የፈረመበትን ወረቀት የሚቀበለው የቀበሌ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የገዥው ፓርቲ አባል ነው። በእንዲህ ያለ ወር «ኢኮኖሚውን ማን በተሻለ ይመራል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ ግምገማም፣ ጥንቃቄም፣ ፍርሃትም ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ደጋውንና ቆላውን አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። የ1994ቱ የዋጋ ውድቀት ከሁሉ በላይ የመታው በቆሎን ነው፤ የደብረ ብርሃን ሜዳ ደግሞ የበቆሎ አገር አይደለም። ብርድና ውርጭ ያለበት ገበሬ ኑሮው ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ ለማገዶ የሚሸጥ ባሕር ዛፍና ኩበት ነው። ለገብስ የሚወስደው ማዳበሪያ ከጎጃም የበቆሎ ገበሬ ያነሰ ነው። የዕዳው መላ ምት ትክክል ከሆነ የተቃውሞ ድምፅ ማዳበሪያ በብዛት በገባባቸው የስንዴና የጤፍ ቀበሌዎች ጠንከር፣ በላይኛው ደጋ ላላ ብሎ መገኘት አለበት። ልዩነት ካልታየ ደግሞ መላ ምቱ ይወድቃል፤ ማብራሪያውን ከመሬት ወይም ከኢኮኖሚ ውጭ መፈለግ ግድ ይሆናል። ከጎጃም ይልቅ ሰሜን ሸዋ ለዚህ ፈተና የሚመረጠው ሁለቱ ዓይነት ገበሬዎች በአንድ ዞን፣ አንዳንዴም በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ስለሚገኙ ነው።

መሬት የችሎታ ጥያቄ አይደለም

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ፣ የማይለወጥ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት መሆኑን ይደነግጋል። በስቶክስ ክፍፍል ይህ የአቋም ጉዳይ ነው፤ መራጩ በግቡ ራሱ ይለያያል። ታዲያ የሰሜን ሸዋ ገበሬ «የግል ሀብት» ሲባል ምን ሰማ? በመንዝና በአካባቢው የቆየው ሥርዓት ርስት ነበር። ርስት ከአባት ከአያት በትውልድ የሚወረስ መብት እንጂ እንደ ሸቀጥ በገበያ የሚለወጥ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ በደቡብ ለጭሰኛው ነጻነት ተብሎ ሲዘመርለት፣ በርስት አገር ግን ስሜቱ የተቀላቀለ ነበር። ስለዚህ የቅንጅት ሐሳብ በአንዱ ጆሮ የርስት መመለስ፣ በሌላው ጆሮ ባለጸጋው ድሃውን የሚነቅልበት ገበያ ሆኖ ሊሰማ ይችል ነበር። ከሁለቱም የሊበራል ኢኮኖሚ መማሪያ መጻሕፍት የሚያውቁት «የንብረት ባለቤትነት» አይደለም።

በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል ያካሄደው የመሬት ድልድልም በዚህ ውስጥ መታየት አለበት። «ቢሮክራት» እና «ቀሪ ፊውዳል» ተብለው የተፈረጁ ሰዎች መሬት ተቀንሶባቸው ለሌሎች ተሰጠ። በዚያው ዓመት ቅሬታ ያላቸው ገበሬዎች አዲስ አበባ ድረስ መጥተው አቤት ማለታቸው የሚታወስ ነው። የድልድሉ ተጠቃሚ የሆነ ወጣት ገበሬና መሬቱ የተቀነሰበት ጎረቤቱ በ1997 አንድ ፓርቲ ኢኮኖሚውን «በደንብ መራ» ወይም «አልመራም» በሚለው ላይ ሊስማሙ የሚችሉበት የጋራ መለኪያ አልነበራቸውም። የአንዱ ጥቅም የሌላው ጉዳት ነበር። ክልሉ ኋላ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ሲጀምር የብዙዎችን ስጋት ማቃለሉ ከባለቤትነት ክርክሩ ይልቅ የዋስትና ጥያቄው ይበልጥ አንገብጋቢ እንደነበረ ያመለክታል።

በከተማው ያለው ሁኔታ ሌላ ነው። በ1950ዎቹ በተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካ የሚሠራ የደብረ ብርሃን ነዋሪ፣ አስተማሪው ወይም የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝተኛ ነው። የእህል ዋጋ ሲወድቅ እርሱ ይጠቀማል፤ ሲወደድ ይጎዳል። ሻጭ ገበሬው በተቃራኒው ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ብዙ አነስተኛ ገበሬዎች በዓመቱ ሒሳብ ሲታዩ ከሚሸጡት የሚሸምቱት የሚበልጥ መሆኑ ነው። እንግዲህ በብሪታንያ የሁሉም ምኞት ተደርጎ የሚቆጠረው የዋጋ መረጋጋት እንኳ በደብረ ብርሃን ገበያ ላይ የአቋም ጉዳይ ይሆናል ማለት ነው። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ የቢራ ፋብሪካዎች በከተማዋ ሥራ ጀምረው የብቅል ገብስ ፈላጊ ሲበዛ ይህ የጥቅም አሰላለፍ እንደገና ተለውጧል፤ የራሱ ጥናት ያስፈልገዋል።

ከ1997 በኋላ

ተከታዮቹን ምርጫዎች በዚህ መንገድ ማጥናት አይቻልም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2008 የአገሪቱ የዋጋ ግሽበት 44 በመቶ ደረሰ፤ ይህ በየትኛውም የብሪታንያ ምርጫ መንግሥትን ለመገልበጥ ከበቂ በላይ ነው። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ግን ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም ወሰዱ። የሚለዋወጥ ውጤት በሌለበት ምክንያትን መለካት አይቻልም። ከዚህ ተነሥቶ «ኢትዮጵያዊ መራጭ ለኢኮኖሚ ደንታ የለውም» የሚል መደምደሚያ ላይ የሚደርስ ሰው ካጋጠመን፣ የታፈነ ድምፅንና ያልተሰጠ ድምፅን እየቀላቀለ ነው። የ2013ቱ ምርጫ የተወሰነ ልዩነት አሳይቷል፤ ይሁንና ጦርነትና የጸጥታ ጉዳይ ኢኮኖሚውን ስለጋረዱት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው ብርሃን ጥቂት ነው።

መጠይቁን ስለ ማስተካከል

ወደ መነሻው ጥርጣሬ ስንመለስ ችግሩ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። «ኢኮኖሚ» በገጠር ሰው አፍ የመንግሥት ቃል ነው፤ በሬዲዮ ይሰማል፣ ስለ አገር ይነገራል። የራሱን ጉዳይ የሚናገርበት ቃል «ኑሮ» ነው፤ ከዚያ አለፍ ሲል «ገበያ»፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ዘመን»። ይህ የመጨረሻው ቃል ለተመራማሪ ትልቅ ሀብት ነው። አማርኛ የሹምን የሥልጣን ጊዜም፣ የአንዱን ዓመት አዝመራም «ዘመን» ይላል። «በእገሌ ዘመን ጤፍ በዚህን ያህል ይሸመት ነበር» የሚለው የሽማግሌዎች አነጋገር ፊዮሪና እ.ኤ.አ. በ1981 በመጽሐፍ ያብራራውን ወደ ኋላ ተመልካች የመራጭ ፍርድ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይዟል። «ፓርቲ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ገዥው ፓርቲና መንግሥት በቀበሌ ደረጃ በአንድ ሰው በሚወከሉበት አገር «የትኛው ፓርቲ» ብሎ መጠየቅ «መንግሥትን ትቃወማለህ?» ብሎ ከመጠየቅ በተጠያቂው ጆሮ ብዙም አይለይም።

ስለዚህ በዞኑ ለሚካሄድ ጥናት ጥያቄውን በቤት ሒሳብ መጀመር እመርጣለሁ። «ባለፈው ዓመት የማዳበሪያ ዕዳዎን ለመክፈል ስንት ኩንታል እህል ሸጡ? በየትኛው ወር?» «እህል ሲወደድ ቤትዎ ሻጭ ነው ወይስ ሸማች?» «ዝናቡ እንዳምናው ቢሆንና ሌላው ነገር ሁሉ ቢለወጥ ኑሮዎ ይሻሻል ነበር?» የሦስተኛው ጥያቄ ዓላማ የዝናብን ድርሻ ከመንግሥት ድርሻ እንዲለይ ዕድል መስጠት ነው። መልሶቹም በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ካሉ የማዳበሪያ ብድር መዝገቦችና ከገበያ ዋጋ መዛግብት ጋር በቀበሌ ደረጃ ሊመሳከሩ ይገባል። መረጃው የሚሰበሰብበት ጊዜ ደግሞ ሁለት ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ በጥር፣ ዕዳ በሚከፈልበት ወር፣ ሌላው በግንቦት። በአንድ ቤተሰብ የሁለቱ ወራት መልስ መካከል የሚታየው ልዩነት ከግምገማው ምን ያህሉ የወቅት፣ ምን ያህሉ የፍርድ እንደሆነ ለመለየት ያስችላል።

የፓርቲ ስም በመጠይቁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ብቻ ቢነሣ ይሻላል፤ ያውም ጠያቂው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጋር ያልታየ ከሆነ። በአንኮበር ቆላ ቤቶች ተራርቀው ስለሚገኙ ጠያቂው መንገድ መሪ ያስፈልገዋል፤ መንገድ መሪው ብዙ ጊዜ የቀበሌው ሰው ነው። የናሙና አወሳሰዱን ከማቀድ በፊት ይህ መንገድ መሪ ማን ይሁን የሚለው መወሰን አለበት።